የሌላ ሰው አያት

በጁን 2015 በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ስፖካን በምትባል ከተማ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ለአንዲት ሴት የአንድ ጥቁር ሰው ፎቶግራፍ አሳይቶ «አባትሽ ይህ ነው?» ሲል ጠየቃት። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍሁ በስተቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ሴትዮዋ ራሼል ዶሌዛል ትባላለች። በ1909 የተመሠረተው አንጋፋው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ማኅበር በከተማዋ ያለው ቅርንጫፍ ሊቀመንበር ነበረች፤ በአቅራቢያው ባለ ዩኒቨርሲቲም ስለ አፍሪካውያንና ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ታስተምር ነበር። አዎ፣ አባቴ ነው አለች። ጋዜጠኛው ቀጠለና «አንቺስ አፍሪካ አሜሪካዊት ነሽ?» አላት። ጥያቄው አልገባኝም ብላ ጥላው ሄደች።

በዚያው ሰሞን እውነተኛ ወላጆቿ ከሞንታና ብቅ አሉ። ሁለቱም ነጮች ናቸው። የልጅነት ፎቶግራፏንም ለጋዜጠኞች ሰጡ፤ ጸጉሯ ወርቃማ፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት የገጠር ልጅ። ሥልጣኗን በለቀቀች ማግሥት በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ቀርባ ራሷን የምታየው እንደ ጥቁር መሆኑን ተናገረች። ያኔ ነው ሌላም ነገር የተቆፈረው፤ ለጥቁሮች ትምህርት በተቋቋመው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ነጭ በመሆኔ ተበደልሁ ብላ ትምህርት ቤቱን ከስሳ ተረትታ ነበር።

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሐበሻ ቡና ቤቶች ለሳምንታት በዚህ ወሬ ሳቁ። ጥጋብ ነው ያለ ነበር፤ ጤናዋን የተጠራጠረ ነበር፤ «እኛ ደግሞ ነጭ ነን ብለን የቤት ብድር እንጠይቅ» ያለም ነበር። ነገሩ ያስቃል። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅቅህ አለኝ፤ ጥፋቷ በትክክል ምን ነበር? ራሷን ጥቁር አድርጋ ማሰቧ ነው? ጸጉሯን መጠቅለሏና ቆዳዋን ማጥቆሯ ነው? ወይስ ሌላ?

ለዚህ ከእርሷ በፊት የዚያው ማኅበር መሪ የነበረ አንድ ሰው ይረዳናል። ዋልተር ዋይት በ1893 በአትላንታ ተወለደ። ጸጉሩ ወርቃማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ነበር። ከዶሌዛል ጋር ጎን ለጎን ቢቆም ማንም መንገደኛ ነጩ እርሱ ነው ይል ነበር። ሆኖም ከአያቶቹ መካከል በባርነት የተወለዱ ነበሩ፤ ቤተሰቡም በጥቁሮች ሰፈር የሚኖርና በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የሚጸልይ ነበር። በ1906 በአትላንታ ነጮች በጥቁሮች ላይ ሲነሡ ልጁ ከአባቱ ጋር ሆኖ አይቷል። ካደገ በኋላ መልኩን ለሥራ ተጠቀመበት፤ ነጭ መስሎ ወደ ደቡብ ይጓዝና ጥቁሮችን ሰቅለው ከገደሉት ሰዎች አንደበት ዝርዝሩን ሰብስቦ ይመለሳል። በ1919 በአርካንሶ ማንነቱ ታውቆ ለጥቂት አመለጠ። ከ1931 ጀምሮ እስኪሞት ማኅበሩን መራ። ባቡር ላይ መቀመጫ ቀይሮ፣ ሰፈር ለውጦ፣ ነጭ ሆኖ መኖር ይችል ነበር። እንዲህ ያደረጉ ብዙዎች ናቸው። እርሱ አላደረገም።

ዋይትን ጥቁር ያደረገው ሕግ አስቀያሚ ሕግ ነው። አንዲት ጠብታ የአፍሪካ ደም ያለበት ሁሉ ጥቁር ነው የሚለውን ቨርጂኒያ በ1924 በጽሑፍ ስትደነግግ ዓላማዋ የነጮችን ዘር ንጹሕ ማድረግ ነበር። ያው ሕግ ግን የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ልጅ ከነበረችው ከፖካሆንታስ እንወለዳለን ለሚሉት የክፍለ ግዛቲቱ ባላባቶች ቀዳዳ ትቶላቸዋል፤ ጥቂት የነባሩ ሕዝብ ደም ያለበት ሰው ነጭ ሆኖ እንዲቆይ። የዘር ሕግ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን ቤት ያተርፋሉ። በዚያ ክፉ ሕግ የተከለሉ ሰዎች ግን በአጥሩ ውስጥ ሕዝብ ሆኑ፤ መዝሙር፣ ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣና የሙታን ዝርዝር ያለው ሕዝብ። ዘር የሚባለው ነገር በሥነ ሕይወት ረገድ ባዶ ነው ማለት የሚወርስ ታሪክ የለውም ማለት አይደለም።

እንግዲህ የእኔ መልስ ይህ ነው። ሰው ስለ ራሱ ውስጣዊ ስሜት የሚናገረውን ማንም ሊመረምረው አይችልም፤ ሊመረምረውም አይገባም። ጥቁር ነኝ ማለት ግን ስለ ራስ ብቻ አይደለም። ስለ አባት፣ ስለ አያት፣ ስለ ቅድመ አያት የሚሰጥ ምስክርነት ነው፤ በእኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው፣ ሙታንን በስም መጥራት አለበት። ዶሌዛል ጥቁር ሆና ለመታየት አባት መፍጠር ነበረባት። ጥፋቷ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሌላ ሰው የከፈለውን የመከራ ዋጋ በስሟ አስመዘገበች። ጥቁር ወንድሞችና እኅት በጉዲፈቻ ወደ ቤታቸው ገብተው አብራቸው አድጋለች፤ ለትግሉም የሠራችው ሥራ ነበር። «ነጭ ነኝ፣ ከእነዚህ ልጆች ጋር ስላደግሁ ልቤ እዚህ ነው» ብትል ኖሮ ማኅበሩ ለነጮችም ክፍት ነው፤ ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ነጮች ነበሩ። ወንበሩን በእውነት ልታገኘው ትችል ነበር። በ2020 ራሷ የተናዘዘችው የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህርት ጄሲካ ክሩግም ከዚህ የተለየች አይደለችም፤ ነጭ አይሁዳዊት ስትሆን አንድ ጊዜ ከሰሜን አፍሪካ፣ ሌላ ጊዜ ከካሪቢያን የተወለደች ጥቁር ነኝ ስትል ነበር።

ታዲያ ነጭ መስለው የኖሩትስ? እነርሱም አያታቸውን ደብቀዋል። ልክ ነው፤ ግን እነርሱን ከዶሌዛል ጋር በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ እጄ አይታዘዝልኝም። አንዱ ከዱላ ለማምለጥ ዋሸ፤ ሌላው መድረክ ላይ ለመውጣት። ከዱላ ያመለጠው በዕድሜው ሙሉ እናቱን በአደባባይ ሰላም ማለት ሳይችል ኖሯል፤ ቅጣቱን ከራሱ ኪስ ከፍሏል።

በዚያው ጁን መጀመሪያ፣ ከስፖካኑ ወሬ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ የቀድሞዋ የኦሎምፒክ ባለ ድል ኬትሊን ጄነር ሴት ሆና በመጽሔት ሽፋን ላይ ወጥታ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ወዲያው ተነሣ፤ ጾታ መለወጥ ከተቻለ ዘር መለወጥ ለምን አይቻልም? በ2017 ሬቤካ ቱቬል የተባለች የፍልስፍና መምህርት ይህንኑ ክርክር ሃይፓሽያ በተባለ የፌሚኒስት ፍልስፍና መጽሔት ላይ አወጣችው፤ አንዱን የምንቀበልበት ምክንያት ሌላውንም ያስቀብለናል ስትል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ምሁራን ጽሑፉ ይነሣ ብለው ፈረሙ። የመጽሔቱ አዘጋጆች እርስ በርስ ተጣሉ። ጽሑፉ ግን አልተነሣም። እኔ በመደምደሚያዋ አልስማማም፤ ፈራሚዎቹ ግን ያሳፍራሉ። ክርክር በክርክር እንጂ በፊርማ አይረታም።

የማልስማማበት ምክንያት ከላይ ያልሁት ነው። ወንድ ተብላ አድጋ ሴት ነኝ የምትል ሰው አያት አትበደርም። እንዴት እንዳደገች፣ ምን ስም እንደ ነበራት አትክድም፤ እንዲያውም የምትናገረው ታሪክ ራሱ እርሱ ነው። ጾታ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የአንድ ሕዝብ ርስት አይደለም፤ በእያንዳንዱ ቤት ወንድም ሴትም ይወለዳል። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ቁልፍ መክፈት አይቻልም። እዚህ ላይ ብዙ አንባቢዎቼ ጥለውኝ እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ከአንዱ በር፣ ሌሎቹ ከሌላው።

ይህን ማለት ግን «እንዲህ ነኝ» የሚለው ቃል ሁሉንም ነገር ይፈታል ማለት አይደለም። አርጀንቲና በ2012፣ አየርላንድ በ2015፣ ጀርመን በኖቬምበር 2024 ሰው በራሱ ቃል ብቻ በመዝገብ ላይ ያለ ጾታውን እንዲለውጥ ፈቅደዋል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በኤፕሪል 2025 በአገሪቱ የእኩልነት ሕግ ውስጥ ሴት ማለት በተፈጥሮ ጾታዋ ሴት የሆነች ናት ብሎ ፈርዷል። የስፖርት ውድድርና እስር ቤት አንድ ጥያቄ አይደሉም፤ የመታወቂያ ደብተርም ሌላ ነው። አንድ ሩጫ ለሴቶች ብቻ የተለየው ለምን እንደሆነ ጠይቆ ለዚያ ሩጫ መልስ መስጠት ይቻላል። በዚያ መልስ ተነሥቶ ሰውየው በጎረቤቱ ዘንድ በምን ስም እንደሚጠራ መወሰን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስም መጥራት ምንም ወጪ የለውም።

ባህል ከሁለቱም ይለያል፤ ባህል ውስጥ መግባት ይቻላል። ይህን ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መማር አያስፈልገንም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ውስጥ ሞጋሳ የሚባል ወግ አለ፤ ከውጭ የመጣ ሰው፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ማኅበረሰብ፣ በመሐላና በምርቃት የጎሳው አባል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጎሳው የደረሰበት ሁሉ የእርሱም ነው፤ ካሳም ቢሆን በቀልም ቢሆን። በሰሜኑም የጡት ልጅ የሚባል ነበር፤ ማር የተቀባ ጣት ጠብቶ የአንድ ባለ ሥልጣን ልጅ የሚሆን ትልቅ ሰው። ሞጋሳ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን መስፋፋት ጊዜ ምን ያህሉ በፈቃድ፣ ምን ያህሉ በጦር ግፊት እንደ ተፈጸመ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ጣፋጭ ተረት ላደርገው አልፈልግም። የምወድለት ነገር ግን አለ፤ የሚገባው ሰው ከየት እንደ መጣ ሁሉም ያውቃል፣ በሩንም የሚከፍትለት ባለቤቱ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለው ተረታችን እውነት ከሆነ መሐላም የሚስብበት ጊዜ ነበረ።

አንድ ሕዝብ በአንድነት ራሱን ሲሰይምም አይተናል። ስልጤዎች ለረጅም ጊዜ ከጉራጌ ጋር ይቆጠሩ ነበር። እኛ ሌላ ነን አሉ፤ ሌሎች አይደላችሁም አሉ፤ ጉዳዩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1993 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ እጅግ የሚበዛው መራጭ ለብቻችን አለ፤ ስልጤ ዞን ሆነ። በዚያ ክርክር ውስጥ አያቱን የፈጠረ ሰው አልነበረም። ሁለቱም ወገን ያንኑ ታሪክ፣ ያንኑ ገበያ፣ ያንኑ ጋብቻ ይዞ ትርጉሙ ላይ ተለያየ። እንዲህ ላለው ልዩነት ድምፅ መስጠት ተገቢ ይመስለኛል። በኢሕአዴግ ዘመን የቀበሌ መታወቂያ ላይ የነበረው የብሔር መስመር ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። እናቱ ትግሬ፣ አባቱ ኦሮሞ፣ የጎረቤቱ ቋንቋ አማርኛ የሆነ የመርካቶ ልጅ አንዱን ካልመረጥህ ተብሎ ከአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ያ ልጅ ምስክርነቱ ሙሉ ነበር፤ ያልሞላው ወረቀቱ ነው።

ይህ የምስክርነት ነገር ደካማ ጎን አለው፤ ራሴ ልናገረው። እውነቱን መስክረው ያልታመኑ አሉ። ቤተ እስራኤላውያን በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ለዘመናት ኦሪትን ጠብቀው ኖሩ፤ ጎረቤቶቻቸው ርስት ከለከሏቸው፣ በቡዳነት አሟቸው። የአይሁድነታቸውን ዋጋ በየቀኑ ከፈሉ። እስራኤል ግን ወረቀት ጠየቀቻቸው። በ1973 ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ከዳን ነገድ የወጡ አይሁድ ናቸው ብለው ሲፈርዱ የተደገፉት በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን በግብፅ የነበሩ አንድ ረቢ በተዉት ጽሑፍ ላይ ነው። የጎንደር ሽማግሌዎች ቃል ብቻውን አልበቃም። በሱዳን በረሃ አልፈው ከደረሱ በኋላ እንኳ የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ለጥርጣሬው መዝጊያ በውኃ ጥምቀት ይንጹ አላቸው። በ1985 በኢየሩሳሌም ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉት ፈላሻ ሙራዎች ደግሞ የሚገቡት ለአይሁድ በወጣው የመመለስ ሕግ ሳይሆን በተለየ የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ወንድም ኔታንያ፣ እኅት ጎንደር ሆነው ዓመታት ያለፉባቸው ቤተሰቦች አሉ።

ከሁሉ የሚብሰው የደቡብ አፍሪካዋ የሳንድራ ሌይንግ ነገር ነው። በ1955 ከሁለት ነጭ ወላጆች ተወለደች፤ ቆዳዋ ጠይም፣ ጸጉሯ ከርዳዳ ሆነ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ከነጮች ትምህርት ቤት በፖሊስ ታጅባ ወጣች፤ መንግሥት «ከለርድ»፣ ክልስ ማለት ነው፣ ብሎ መዘገባት። አባቷ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተ፤ በ1967 ሕጉ ተሻሽሎ በትውልድ ተመዝና እንደ ገና ነጭ ተባለች። ነጮቹ ግን አልተቀበሏትም። በኋላ ከጥቁር ሰው ልጆች ወለደች፤ ልጆቿን ላለማጣት ደግሞ ራሷ ከለርድ በሉኝ ብላ አመለከተች። ለእርሷ ምስክርነት ምን ጠቀማት? ምንም። የእኔ መለኪያ ውሸታምን ለመለየት ይረዳ ይሆናል፤ እውነተኛን ከጸሐፊ ብዕር አያድንም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ የቡና ቤቱ ሳቅ የሚቆረቁረኝ እዚህ ነው። የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ፤ ከሥራዬ ግማሹ ቅጽ ነው። እናቶች የዘር ጥያቄው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ያዩኛል። «ምን ልበል ልጄ?» ይላሉ። «ጥቁር የሚለው ላይ ነው ምልክት የሚደረገው እማማ» ስላቸው አንዷ «እኔ? የቀይ ዳማ ነኝ እኮ!» ብለው ነርሷን ጭምር አስቀውናል። የ2020 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ኢትዮጵያዊ የሚለውን ጥቁር ከሚለው ሣጥን ሥር በምሳሌነት ጽፎታል፤ ስለዚህ የሚያከራክር ነገር የለም። የሚያከራክረው ከቅጹ ውጭ ያለው ነው። ልጃችን ለስኮላርሺፕ ሲያመለክት ጥቁር ነን። ሴት ልጃችን ጥቁር አሜሪካዊ ላገባ ነው ስትል ግን በድንገት የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ያለን ሌላ ፍጥረት እንሆናለን። ፖሊስ መኪና ሲያስቆም ታሪኩን አይጠይቅም፤ ያኔ እንደ ገና ጥቁር ነን። ዶሌዛል የፈለገችውን መርጣ ያልፈለገችውን ተወች ብለን የሳቅን ሰዎች ነን።

በ2004 ሁለት ጥቁር የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮች፣ ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ላኒ ግዊኒየር፣ በዩኒቨርሲቲው ካሉ ጥቁር ተማሪዎች ብዙዎቹ የስደተኞች ልጆች መሆናቸውን በአደባባይ አንሥተው ነበር፤ ከባሮች የተወለዱት የት ናቸው ሲሉ። ጥያቄው ከእኛ ጉዳይ ውጭ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ በጠረጴዛችን ዙሪያ ግን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። በጁን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን ለይተው እንዳይመርጡ ከለከለ። አንድ ነገር ግን ተወ፤ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያደረሰውን በጽሑፉ ቢናገር ማንበብ ይቻላል። ሣጥኑ ተነሥቶ ምስክርነቱ ቀረ ማለት ነው።

የእኅቴ ልጅ ዘንድሮ የሚያመለክተው እንዲህ ባለ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲያሳየኝ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አያቶቹ በሰንሰለት ታስረው ጥጥ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። «አያትህ የት ነበሩ?» አልሁት። «ጎጃም» አለ። «ጎጃም ጥጥ ማን ያስለቅም ነበር?» ዝም አለ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ የሚዋሽም አልመሰለውም፤ ትምህርት ቤት የተማረው የጥቁር ታሪክ ያ ስለሆነ እኔም ከዚያ ውስጥ ነኝ ብሎ ነው። ባለፈው ክረምት ፖሊስ ያለ ምክንያት አስቁሞት መንገድ ዳር ስላቆየው ጊዜ የጻፈው ግን የራሱ ነው፤ እርሱን አንድም ቃል አትንካው አልሁት።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ። ባርነት በኢትዮጵያ ነበር ወይ ብሎ አነበበ። በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር ሲቀበለን ባርነትን እናስቀራለን ብለን ቃል መግባታችንን፣ ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ዓ.ም. መሆኑን አገኘ። እናቴ ዘንድ ደወለ፤ «እማዬ፣ በእናንተ ቤት ባሪያ ነበር?» ብሎ በተሰባበረ አማርኛው ጠየቃት። እናቴ ልጅ ሳለች የሚፈጩና ውኃ የሚቀዱ ሰዎች በአባቷ ግቢ እንደ ነበሩ፣ ከየት እንደ መጡ እንደማታውቅ፣ በኋላ መሬት ተሰጥቷቸው እዚያው እንደ ቀሩ ነግራው ወዲያው ስለ ቁመቱ ጠየቀችው። ልጁ ይህንንም ጻፈው። አሁን ጽሑፉ ሁለት ነገር ይላል፤ በአሜሪካ መንገድ ላይ ጥቁር ነኝ፣ የአያቴ አባት ደግሞ ጌታ ነበሩ።

እኅቴ ረቂቁን አንብባ ደወለችልኝ። «ልጁን ዩኒቨርሲቲ ልናስገባው ነው ወይስ ልናስከስሰው?» አለች። ማንም ያልጠየቀውን ለምን ይናገራል፣ የሌሎቹ ልጆች ስለ ምግብ ቤታቸውና ስለ ሠርጋቸው ጽፈው ይገባሉ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስለ ዶሮ ወጥ የተጻፈ ጽሑፍ ማንንም አያስቀይምም። ጽሑፉ የሚላከው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ልጁ አንቀጹን አላወጣም፤ እኅቴም አውጣው ማለቷን አልተወችም።